ፒያሳ ላይ ፎ ለመጀመር፦ ሾርባው ይደፈርሳል፣ ኑድሉ ይጣበቃል

ቁርስ_ቤት_ፒያሳ፦

እንደምን ዋላችሁ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ ቁርስ ቤት ከፍርፍሩና ከፉሉ ጎን የቬትናሙን የኑድል ሾርባ፣ ፎን፣ ለማስገባት ሙከራ ላይ ነን። በቀን ከ20 ሳህን አይበልጥም። ሾርባው እንደ ተራ ቅቅል ይደፈርሳል፤ ቅመም ሲገባበት ደግሞ የሳል ሽሮፕ ይሸታል። ኑድሉ ሳህን ውስጥ ተጣብቆ ገንፎ ይሆናል። ላዩ ላይ የሚደረገው ስስ ጥሬ ሥጋ ግማሹ በስሎ ግማሹ እንደ ቀላ ይቀራል። ረቡዕና ዓርብ ምን ይቅረብ የሚለውም አልተፈታም። ደንበኛውም ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል፤ ሎሚውን ሁሉ ጨምቆ፣ አዋዜ ገልብጦበት «ኮመጠጠኝ» ይላል። መጠኑንና ሰዓቱን የምታውቁ በቁጥር ብትነግሩን።

አጥንት_ቀቃይ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከሾርባው ልነሳ።

ለ20 ሳህን 10 ሊትር ያለቀለት ሾርባ ያስፈልግዎታል፤ ለአንድ ሳህን 450 ሚሊ ሊትር፣ ቀሪው ጭማሪ ለሚጠይቅ። ሲጣድ 14 ሊትር ውሃ፣ 6 ኪሎ አጥንትና 2 ኪሎ ፍርምባ ይሁን። አጥንቱ ግማሹ ቅልጥም፣ ግማሹ የጉልበት መገጣጠሚያና ጭራ ነው። ቅልጥም ብቻ ያደረጉ እንደሆነ ቅባት ይበዛል እንጂ ሾርባው አካል አያገኝም፤ ከንፈር ላይ ያዝ የሚያደርገው ነገር የሚወጣው ከመገጣጠሚያውና ከጅማቱ ነው።

አጥንቱን 1 ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ደሙን ያስወጡ። ቀጥሎ በሌላ ውሃ 10 ደቂቃ በኃይል ያፍሉት። ግራጫ አረፋ ይደፋል። ያንን ውሃ ይድፉት፣ ሁሉንም። አጥንቱን አንድ በአንድ እየፈተጉ ይጠቡ፤ ድስቱንም። ለዶሮ ወጥ አንዲት ዶሮ በሎሚና በጨው ስንት ውሃ እንደምትታጠብ ለሚያውቅ ቤት ይህ አይከብድም፤ ግን አብዛኛው ሰው «ጣዕሙ ይሄዳል» ብሎ ይዘለዋል። የሚሄደው ደምና ፍርፋሪ ነው። የመደፍረሱ ግማሽ ምክንያት እዚህ አለ።

ሌላው ግማሽ እሳቱ ነው። ሾርባ ሲንተከተክ ቅባቱ ደቅቆ ከውሃው ጋር ይቀላቀልና ወተት ይመስላል፤ ከዚያ ወዲያ ማጥለልም አያጠራውም። ከሥር አልፎ አልፎ አንድ ሁለት አረፋ ብቅ የሚያደርግ እሳት ይበቃል። አይከደንም፣ አይማሰልም፤ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ብቻ በጭልፋ ይገፈፋል።

አሁን ጎንደርን የሚመለከተው። ከተማው 2,133 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሃኖይ 6 ሰዓት የሚበቃው አጥንት እዚህ 8 ወይም 9 ሰዓት ይፈልጋል። እሳት ጨምሬ ላካክስ ቢሉ ሙቀቱ ከ93 አያልፍም፣ የሚፈጥነው መደፍረሱ ብቻ ነው። ፎ በአገሩም በዋነኛነት የጠዋት ምግብ ስለሆነ ሰዓቱ ይመቻል፦ ማታ 2 ሰዓት ተጥዶ ሌሊት 11 ሰዓት ይወርዳል። የሚጠብቀው ሰው ግን ይኑር፤ ውሃው ከአጥንቱ በታች ከወረደ የፈላ ውሃ ይጨመርበት፣ ቀዝቃዛ አይሁን።

ፍርምባው አብሮ ይገባል፣ ግን ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ውስጥ ይወጣል። እንደ ወጣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይነከር፤ ያለዚያ አየር ሲነካው ይጠቁራል፣ ይደርቃል። የሚቆረጠው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ በትኩሱ ቢቆርጡት ይፈረፈራል።

ሽንኩርትና ዝንጅብል አይጠበሱም፤ ከሰል ላይ ይቃጠላሉ። 4 ትልልቅ ሽንኩርትና 250 ግራም ዝንጅብል ከነልጣጫቸው እያገላበጡ ለ15 ደቂቃ ያህል፣ ላያቸው እስኪጠቁር ውስጣቸው እስኪለሰልስ። ከዚያ የተቃጠለው ልጣጭ በውሃ ታጥቦ ይነሳል። እጅ በልማድ ወደ ቁሌት እንዳይሄድ ብቻ! ዘይት የነካው ሽንኩርት ከገባ ፎነቱ ቀርቷል፣ የኑድል ወጥ ሆኗል።

ጨው መጨረሻ ላይ፦ ለ10 ሊትር 80 ግራም ጨው፣ 150 ሚሊ ሊትር የዓሣ ሶስ (ኑክ ማም የሚሉት፣ ዓሣና ጨው ተብላልቶ የሚወጣው) እና 50 ግራም ስኳር። የዓሣ ሶሱ ከእሳት ሊወርድ ሲል ይግባ፤ ብዙ ከፈላ ጥሩው ሽታ ይተንና መጥፎው ይቀራል። ብቻውን ሲቀመስ ጨው ትንሽ የበዛበት መምሰል አለበት። ኑድሉ ጨው የለውምና ሳህን ላይ ይስተካከላል።

ሎሚ_በሶብላ፦

የሳል ሽሮፑ ነገር የስታር አኒስ (ኮከብ የሚመስለው ቅመም) ጥፋት ነው፤ ወይ በዝቷል ወይ ቆይቷል። ለ10 ሊትር 10 ኮከብ ይበቃል፣ ክብደቱ 15 ግራም ቢሆን ነው። ከእሱ ጋር ጣት የሚያክል ቀረፋ 2፣ ቅርንፉድ 8 ፍሬ፣ ድምብላል 2 የሾርባ ማንኪያ። ሁሉም ደረቅ ምጣድ ላይ በቀስታ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይታመስ፤ ቅርንፉዱ ግን መጨረሻ ላይ ይግባ፣ ቶሎ ያርራል፣ ካረረ ይመራል። በስስ ጨርቅ ተቋጥሮ በመጨረሻው 1 ሰዓት ብቻ ይገባል፣ ከዚያ ይወጣል። ከአጥንቱ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ያደረ ቅመም መድኃኒት ነው የሚሆነው።

ስታር አኒስ ገበያ ላይ ሲጠፋ የእንስላል ፍሬ 1 ተኩል የሾርባ ማንኪያ ይተካዋል። ጣፋጭ ሽታ የሚሰጣቸው ነገር አንድ ነው፣ አኔቶል ይባላል፤ የእንስላሉ ግን ቀለል ይላል። እነሱ ታኦ ኳ የሚሉት ትልቅ ጥቁር ሄል አለ፣ በጭስ የሚደርቅ። ኮረሪማ ዘመዱ ነው፣ ጭሱ ግን የለበትም። የአንድ ኮረሪማ ፍሬ ለ10 ሊትሩ ከበቂ በላይ ነው፤ 3 ከጨመራችሁ ሾርባው ከቡና ቤት የመጣ ይመስላል። እርድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ መከለሻ፣ ጤና አዳም አይግቡ። ጤና አዳም ያለ ቦታው ሲገባ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

ከቅጠሉ በኩል ግን እድለኞች ናችሁ። ቬትናሞች ከሳህኑ ጎን የሚያቀርቡት ሁንግ ኩዌ የሚባለው ቅጠልና የእኛ በሶብላ አንድ ዝርያ ናቸው፣ መልካቸው ብቻ ነው የሚለያየው። ለበርበሬና ለቅቤ የሚሸጠው የደረቀ አናቱ አይሆንም፤ እርጥብ ቅጠል ነው የሚፈለገው። ቅዳሜ ገበያ እርጥቡ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ጣሳ ላይ መዝራት ነው። የድምብላል ቅጠልና ናናም ይሄዳሉ። ሎሚውም ያው ነው፦ የእኛ ትንሹ ስስ ልጣጭ ሎሚ እነሱ የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው፤ ትልቁን ቢጫ መፈለግ አያስፈልግም።

በነገራችን ላይ «ፎ» እያልን ነው እንጂ አጠራሩ «ፈ» ነው፤ ያውም እንደ ጥያቄ ወደ ላይ የሚሄድ፣ «ፈ?»። ፈረንጅ የሚቸገርበትን ድምፅ ፊደላችን ከግዕዙ ላይ ይዞታል። ምናሌው ላይ «ፈ» ብላችሁ ብትጽፉ ግን ሰው የፊደል ስህተት ነው የሚለው።

ማራኪ_14፦

ስለ ኑድሉና ስለ ሥጋው።

መጀመሪያ ፓኬቱን እዩ። የሚፈለገው ከሩዝ ብቻ የተሠራ፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ነው። በየሱቁ ያለው ቢጫ ፈጣን ኑድል ስንዴ ነው፤ ሲበስል መስተዋት የሚመስለው ቀጭኑም የማሾ ስታርች ነው። የሩዙን ከአዲስ አበባ በካርቶን ማስመጣት ይቀላል፤ ደረቅ ስለሆነ አይበላሽም። ለአንድ ሳህን ከ80 እስከ 90 ግራም ደረቁ ይበቃል፣ ለ20 ሳህን 1.8 ኪሎ ያዙ።

የሚጣበቀው ቀድሞ ተቀቅሎ ስለሚቀመጥ ነው። ሩዝ ከተቀቀለ በኋላ ሲቆም ላዩ ላይ ያለው ስታርች ይረጋና ያያይዘዋል። አስቀድሞ መቀቀል የለም፤ ለብ ባለ ውሃ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይዘፈዘፍ፣ ጣት ላይ ሲጠቀለል እስኪታጠፍ፣ ግን ነጭነቱ ሳይለቅ። ከዚያ አጥልላችሁ በየሳህኑ መጠን ለዩት። ደንበኛ ሲያዝ በወንፊት የፈላ ውሃ ውስጥ 15 ወይም 20 ሴኮንድ፣ ሁለቴ ማራገፍ፣ ወደ ሳህን። የመንከሪያው ውሃ በሌላ ድስት ይሁን። ሾርባው ውስጥ ከተነከረ ሌሊቱን ሙሉ የጠራው በአንድ ጠዋት ይደፈርሳል። ውሃው ነጭ ሲሆን ይቀየር፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰሞን ለዚህ ብቻ አንድ ጀሪካን ተይዞ ይደር።

የፎገራ ሩዝ ቅርባችን ስለሆነ እርጥቡን ኑድል እዚሁ መሥራት ይቻላል። 200 ግራም የሩዝ ዱቄት፣ 50 ግራም የበቆሎ ወይም የካሳቫ ስታርች፣ 420 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ቁንጥር ጨው። ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ዘይት በተቀባ ጠፍጣፋ ትሪ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስስ ተደርጎ ተከድኖ በእንፋሎት 3 ደቂቃ። እንጀራ የሚያወጣ እጅ ይህን አያጣውም። ከቀዘቀዘ ዘይት ቀብቶ መጠቅለልና መቁረጥ። ከተሰነጠቀ ስታርቹ አንሷል፣ ከለጠጠ በዝቷል። እርጥቡ የዚያኑ ቀን ያልቃል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካደረ ይሰባበራል።

ወደ ሥጋው። ጭቅና ጥሩ ነው ግን ይወደዳል፤ ታናሽም ይሠራል። ጠዋት የታረደ ሥጋ ወዲያው ይገትራል፣ ስለዚህ አንድ ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር። ማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ውስጥ 40 ደቂቃ አጠንክሩትና ሥሩን አቋርጣችሁ 2 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ለሳህን ከ60 እስከ 70 ግራም። ግማሹ ቀልቶ የሚቀረው ተደራርቦ ስለሚቀመጥ ነው፤ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ኑድሉ ላይ ይዘርጋ።

የቀረው ሙቀት ነው። 93 ዲግሪ ላይ የፈላ ሾርባ ቀዝቃዛ ሸክላ ሳህንና ቀዝቃዛ ኑድል ሲያገኝ የሚተርፈው ለብታ ነው። ስለዚህ ሳህኑ በፈላ ውሃ ተሞልቶ ይጠብቅ፣ ውሃው ይደፋ፣ ከወንፊት የወጣ ትኩስ ኑድል ይግባ፣ ሥጋው ይዘርጋ፣ ስስ ሽንኩርትና የሽንኩርት ቅጠል ይበተን። ሾርባው ከትልቁ ድስት በቀጥታ አይጨለፍም፤ ትልቁ በቀስታ ላይ ነው ያለው። 2 ሊትር የምትይዝ ትንሽ ድስት ጎኑ ላይ በኃይል ትፍላ፣ ከእሷ ተጨልፎ በቀጥታ ሥጋው ላይ ይፍሰስ። ከወንፊቱ እስከ ጠረጴዛው ከ1 ደቂቃ ካለፈ አስተናጋጁ የሆነ ቦታ ቆሞ እያወራ ነው።

የአዘዞው፦

ሥጋው ላይ ጥንቃቄ ይጨመር። ጎንደር ጥሬ ሥጋ ለማንም አዲስ አይደለም፣ ግን ኮሶም አዲስ አይደለም። ስስ ሥጋ ከ60 ዲግሪ በላይ ከሞቀ የኮሶው እጭ ይሞታል፤ በ2 ሚሊ ሜትርና በፈላ ሾርባ ይህ ይሆናል፣ በወፍራም ቁራጭና በለብታ አይሆንም። ለልጅ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሚፈራ ሰው ሥጋውን በጭልፋ ይዞ ትንሿ ድስት ውስጥ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ቀይነቱ እስኪጠፋ መንከር ነው። ሃኖይ ውስጥ ደግሞ ታይ ላን የሚሉት አለ፦ ሥጋው በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል፣ በጣም በጋለ መጥበሻ ግማሽ ደቂቃ ተቆልቶ ላዩ ላይ ይደረጋል። ጥብስ ለሚወድ ከተማ ይህኛው ሳይሻል አይቀርም።

ሌላ ደግሞ ሽንፍላ። ቬትናሞች ሳክ ይሉታል፣ «መጽሐፍ» ማለት ነው፣ እንደ ገጽ ስለሚገለጥ። ለፎ ይገባል። ዱለት የሚሠራ ቤት አጽድቶ የተቀመጠ ስለማያጣ በቀጭኑ ቆርጦ 1 ደቂቃ መንከር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ጎማ ይሆናል።

ሎሚ_በሶብላ፦

«የአዘዞው» ያለው ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ታይ ላን ዘይት ስላለው ሾርባው ጥርት ብሎ አይታይም። ሁለቱንም ምናሌ ላይ ማድረግ ነው።

የጾም_ሳህን፦

ስለ ረቡዕና ዓርብ ያነሳ ስለሌለ እኔ ልቀጥል። ቬትናሞችም ሥጋ የማይገባበት አላቸው፣ ፎ ቻይ ይባላል፤ ቡድሂስቶቹ ጨረቃ በምትወጣበትና በምትሞላበት ቀን ሥጋ ስለሚተዉ። የእኛን የጾም ቀን ብዛት ግን አይደርሱበትም፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ስለዚህ የጾሙ ድስት ተጨማሪ ሳይሆን ሁለተኛ ዋና ምግብ ነው።

ለ5 ሊትር፦ ካሮት ግማሽ ኪሎ፣ ጥቅል ጎመን ግማሽ ኪሎ፣ ባሮ ሽንኩርት 3፣ እሸቱ የተፈለፈለ የበቆሎ ቆሮቆንዳ 4፣ እንጉዳይ ከተገኘ 200 ግራም፣ አንድ ፖም። ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ያው ከሰል ላይ፣ ቅመሙ ያው ግን በግማሽ። 1 ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ጎመኑ መሽተት ይጀምራል። የቆሮቆንዳውን ነገር ሰው ይንቀዋል፣ ጣፋጩ የሚመጣው ግን ከሱ ነው። ጨው 40 ግራም፣ አኩሪ አተር ሶስ 80 ሚሊ ሊትር።

የዓሣ ሶስ እዚህ አይገባም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ወደ ድስቱ ማምጣት አያስፈልግም፤ «ምን አለበት?» ላለ ሁሉ ሳትጠራጠሩ መመለስ ስትችሉ ነው የጾም ደንበኛ የሚመላለሰው። ጭልፋው፣ ወንፊቱ፣ የኑድል መንከሪያው ውሃ፣ ሁሉም የተለየ ይሁን።

በሥጋው ቦታ የሽምብራ ዱቄት (ቅመም የሌለበት፣ ሽሮ አይደለም) 1 እጅ ለ3 እጅ ውሃ፣ ጨው፣ 10 ደቂቃ እያማሰሉ ማብሰል፣ ትሪ ላይ ገልብጦ 2 ሰዓት ማርጋት፣ ቆርጦ መጥበስ። የሚፈርሰው ገንፎው ሳይወፍር ስለሚወርድ ነው፤ ማማሰያው ከኋላው መንገድ ጥሎ መሄድ አለበት።

የማሾ ቡቃያም ለሁለቱም ሳህን ይሆናል። 100 ግራም ማሾ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይዘፈዘፍ፣ ቀዳዳ ባለው ዕቃ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ፣ በቀን 4 ጊዜ ውሃ ይፍሰስበትና ይጠንፈፍ። በ4 ወይም 5 ቀን ግማሽ ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ በክረምቱ ብርድ እስከ 6 ቀን። ኮምጣጣ ከሸተተ ውሃ ቋጥሯል፣ ይጣል። ጥሬውን አታቅርቡ፣ ግማሽ ደቂቃ በፈላ ውሃ ይለፍ።

ደግሞ ሥጋው የየትኛው እርድ እንደሆነ በር ላይ ይጻፍ፤ ሳይጠየቁ መናገር ይሻላል። በቬትናም ምናሌ ላይ የሚበዛውን የአሳማ ሥጋ ደግሞ ጎንደር ላይ አለማንሳት ነው፤ ሁለቱም ወገን አይበላውም።

አጥንት_ቀቃይ፦

ስለ አበላሉ የቀረውን። የምናሌው ጀርባ ላይ ሦስት መስመር ቢጻፍ ይበቃል። መጀመሪያ ሾርባው ብቻውን ሁለት ሦስት ማንኪያ ይቀመስ። ከዚያ ግማሽ ሎሚ፣ በእጅ የተቆራረጠ በሶብላ፣ ጥቂት ቃሪያ፤ ጨምሮ ቀምሶ፣ ጨምሮ ቀምሶ። አዋዜና ሶስ በትንሽ ስኒ ጎን ይቀመጡ፣ ሥጋው እየተነከረ ይበላ፤ ሳህኑ ውስጥ ከተገለበጡ ያ ሁሉ የሌሊት እሳት ከንቱ ነው። አዋዜ በራሱ ቅመም ያለው ስለሆነ ከስታር አኒሱ ጋር ይጣላል፣ ስለዚህ የተከተፈ ቃሪያ ቀድሞ ይቅረብ።

ቅጠልና ቡቃያ የደቡቡ ልማድ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. አገሪቱ ስትከፈል ከሰሜን የተሰደዱት ፎን ወደ ሳይጎን በብዛት ይዘው ወረዱ፤ ቅጠሉ፣ ቡቃያውና ጣፋጭ ሶሱ እዚያ በዛበት። ሃኖይ ላይ ሳህኑ ባዶ ያህል ነው፦ የሽንኩርት ቅጠል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አቼቶ። ያንን አቼቶ ሥሩት፤ 1 ብርጭቆ አቼቶ፣ 6 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት በስሱ፣ 2 ቃሪያ፣ ቁንጥር ጨውና ስኳር፣ አንድ ቀን ይደር። ሎሚ ሲወደድ ያድናችኋል። ሰሜኖቹ ሾርባው ውስጥ የሚነክሩት ረዥም የተጠበሰ ሊጥም አላቸው፤ ስኳር የሌለው ፓስቲ ቦታውን ይይዛል፣ ዳቦ ለሚጠይቀው ደንበኛም መልስ ነው።

ቾፕስቲክ ለፈለገ ይቅረብ፣ ሹካ ለጠየቀም አይከልከል። ቾፕስቲኩን ግን ሳህኑ ላይ ቀጥ አድርጎ መሰካት በእነሱ ዘንድ ለሙታን የሚታጠን ዕጣን ስለሚመስል ነውር ነው። በትኩሱ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይበላ፤ ወሬ የያዘ ሰው ኑድሉ ሾርባውን ይጠጣበታል። ጉርሻ የማይመችበት ምግብ መሆኑን ደንበኛው ራሱ ይደርስበታል።

ቁርስ_ቤት_ፒያሳ፦

እግዜር ይስጥልን፣ ብዙ ተፈታልን። ሁለት ነገር ቀረ። ሌሊቱን ሙሉ እሳት መጠበቅ ካልተቻለ በፕሬዠር ድስት ይሆናል ወይ? የተረፈው ሾርባስ መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ?

አጥንት_ቀቃይ፦

ይሆናል። ፕሬዠር ድስት የከፍታውንም ችግር ይፈታል፤ ውስጡ ከ110 ዲግሪ ስለሚያልፍ 8 ሰዓቱ ወደ 2 ሰዓት ይወርዳል። አጥንቱ ቀድሞ ፈልቶ የታጠበ ይሁን፣ ድስቱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላ፣ ፉጨቱ እንደ ጀመረ እሳቱ ይቀነስ። ሲያበቃ ቫልቩን አንስታችሁ እንፋሎቱን አታስለቅቁ፤ ግፊቱ ድንገት ሲወርድ ውስጡ ያለው በአንዴ ይንተከተክና ይደፈርሳል። ወርዶ በራሱ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቅ። ቅመሙ ከተከፈተ በኋላ፣ ያለ ክዳን፣ 45 ደቂቃ።

የተረፈውን አጥልላችሁ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት፣ ውሃው ሲሞቅ ቀይሩ፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ። ጠዋት ላዩ ላይ የረጋው ጮማ ይነሳል፣ ሁለት ማንኪያ ያህል ግን ይቅር፤ ያለሱ ሾርባው ይራቆታል። መብራት ከሌለ ማቀዝቀዣውን ተስፋ አታድርጉ፤ ከሰል ላይ እንደ ጋለ ይደር፣ እጅ የማያስነካ ሆኖ። ለብ ብሎ ያደረ ሾርባ ጠዋት ቢፈላም አይሸጥም።